ሥጋው ሱቅ ይሄዳል

እኛ ተራ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሰው አይከበርም። ሱቄ መርካቶ ውስጥ ነው፤ አንሶላና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግራና ቀኝ ያለን ባለሱቆች አንዱ ጋ እንሰበሰባለን፤ የብርድ ልብስ እስሩን መቀመጫ እናደርገዋለን፤ ሁሉም ከቤቱ የመጣለትን ምሳ ዕቃ ከፍቶ አንድ ትሪ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ እየተሳሳቅን፣ እየተጎራረስን እንበላለን። ሲወራ ፍቅር ብቻ ይመስላል። ፍቅርም አለው፣ አልዋሽም። ግን ክዳኑ ሲከፈት የሁሉም ዓይን ውስጡ ነው። ማን ምን ይዞ መጣ? የማን ቤት ሞላ፣ የማንስ ጎደለ? «የለም፣ እኛ እንዲህ አናይም» የሚል ካለ ውሸታም ነው፤ በቃ።

በዚያ ትሪ ላይ አፈ ስለቱ እኔ ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ፣ ጾም በሌለበት፣ ከማዶ ያለው መጋረጃ ሻጭ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሽሮ ሆኖ ተገኘ። «ሰውዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቁ ሌላ ነው! አንዱ ጉርሻው ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። መጋረጃ ሻጩም አብሮን ሳቀ፤ ግን ያን ቀን ብዙ አልበላም። ከዚያ ወዲያ በፍስክ ቀን ሽሮ ይዞ የመጣ ሰው እኛ ጋ አልታየም።

ነገሩ ግን መልሶ ያሰረው እኔን ነው። በሰው የሳቀ ሰው የሚሳቅበትን ቀን ሲፈራ ይኖራል። የእኔ ምሳ ዕቃ በፍስክ ቀን ተከፍቶ ሥጋ ካልታየበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሥጋ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዘንድሮ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ማየትም ሊያስከፍሉ ምንም አልቀራቸው። ስለዚህ የምገዛው ለአንድ ድስት የሚሆን ነው። ሚስቴ ጠዋት ትሠራዋለች፤ ሥጋ ሥጋውን እየለቀመች ምሳ ዕቃው ውስጥ ትሞላለች፤ ከአማኑኤል ሰፈር በእግሯ ይዛልኝ ትመጣለች። ድስቱ ውስጥ የቀረው መረቅ የልጄ ነው። ያለችን አንድ ሴት ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ኧረ በስመ አብ! ለጎረቤት ሥጋ፣ ለአንድ ልጅህ መረቅ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። እኔ ግን መልስ ነበረኝ፤ ያውም የኮራሁበት። ጉልበቱ መረቁ ላይ ነው እል ነበር። ለአራስ የሚሰጠው መረቅ አይደለም እንዴ? አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚጠገነው በመረቅ አይደለም እንዴ? እኔን እናቴ ያሳደገችኝ በምን ሆነና! «ጠጪ የኔ ልጅ» እላታለሁ ጠዋት ስወጣ፣ «አባትሽ ፍሬውን ላንቺ ትቶ ገለባውን ነው ይዞ የሚሄደው።» እሷም እንጀራዋን መረቁ ውስጥ እየነከረች ትስቃለች። ሽሮ እንዲሠራላት ደግሞ እኔ አልፈልግም፤ በፍስክ ቀን ከእኔ ቤት የሽሮ ሽታ ወጥቶ ጎረቤት ምን ሊል ነው?

አንድ ቀን ምሳ ዕቃው ሳስቶ መጣብኝ። ማታ ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሚስቴ ላይ ጮህኩ።

«ምነው ዛሬ? ልታዋርጂኝ ነው?»

«ልጅቷ ዓይኗ አረፈበት። ሁለት ቁራጭ አስቀረሁላት» አለች።

«መረቁስ የት ሄደ? ሁለተኛ በሰው ፊት እንደዚህ እንዳታደርጊኝ!»

ዝም አለች። ደግማም አላስቀረችም። እኔ ሚስቴ ዝም ስትል የተስማማች ይመስለኛል፤ ብዙ ባሎች እንደዚሁ ይመስለናል።

ከገና በኋላ ልጄ ግቢያችን ውስጥ ስትሯጥ የአጥሩ ቆርቆሮ የእግሯን አገዳ ቀደዳት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ የቴታነስ መርፌ ተወጋች፣ ታጥቦ ታሸገላት። የልጅ ቁስል አይደል፣ በሳምንት ይደርቃል ብዬ ረሳሁት። አልደረቀም። ደረቀ ሲሉት ይቆጣል፤ ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ወጣ። ትኩሳቱም አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። የሰጧትን መድኃኒት ጨረሰች፤ ለጥቂት ቀን በረድ አለላትና ተመልሶ ያው ሆነ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ልጄ ሰዓት አትጠብቅም፤ የምትበላው ግን እንደኛው የጾም ነው። የሱቁ ትሪም በጾም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋል፣ ጸጥም ይላል፤ ሁሉም ሽሮ፣ ሁሉም ምስር፤ የሚፎካከርበት ነገር የለም። ጾሙ ሲጋመስ የልጄ ቁስል ከጠርዙ እየያዘ መጣ። ትኩሳቱ ጠፋ። ለሆሳዕና ዘንባባ በጭንቅላቷ አስራ ከግቢ ልጆች ጋር ስትሮጥ አየኋት። አቤት ደስታዬ! ሱቅ ሄጄ አወራሁት እንጂ መቼ ዝም አልኩ። «የኔ ልጅ እኮ ጾም ሲገባ ነው የሚሻላት! የጾሙ በረከት ነው፤ የተመረጠች ልጅ ናት» አልኩ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ ጋሼ የምንላቸው የጎንደር ሰው፣ «አሜን፣ ያሳድግልህ» አሉኝ። ከሁሉም የእሳቸውን ምርቃት ነበር የምወደው። ተራው ውስጥ ማን ሰው እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚለየው በእሳቸው አፍ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ከዚያ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾሙን ሙሉ ሥጋ የናፈቀው ሁሉ ትሪው ላይ ሥጋ ይዞ መጣ። እኔ ከማን አንሼ! ሚስቴ በየቀኑ ምሳ ዕቃውን እየሞላች ታመላልሳለች፤ ልጄም በየቀኑ መረቋን ትጠጣለች። ቁስሉ ተመልሶ ተከፈተ። አሁንስ ከበፊቱ ባሰ። ክንዷ ቀጠነ፤ ፊቷ ገረጣ። «ጾሙ ስላለቀ ነው፤ ጠበል እናስጠምቃት» አልኩ። ሚስቴ ግን «ጠበሉም ይሁን፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት» አለች። ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። አንድ ጠዋት ልጄ ከአልጋ ወርዳ እግሯን መርገጥ አቃታት። ያን ጊዜ ክርክሩ አለቀ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው፤ አሮጌም ብትሆን መኪና አለቻቸው። ወዲያው መጡ። መሳለሚያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን፣ ልጄ ኋላ ወንበር ላይ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ በቀስታ ታቃስታለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ አዝያት ገባሁ። ጫማ ማድረግ ስላልቻለች ጋሼ ጫማዋን በእጃቸው ይዘው ተከተሉን፤ እስከ ምርመራ ክፍሉ ድረስ ገቡ። ማን ውጡ ይበላቸው?

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ቁስሉን አየች፣ ብሽሽቷን ዳሰሰች፣ የልጄን ክንድ ለካች፣ ደምና ራጅ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ እንደገና አስገባችን።

«መግሉ አጥንቷ ውስጥ አልገባም። ግን በዚሁ ከቀጠለ እንዳይገባ እፈራለሁ» አለች። «ደሟ ላይ የብግነት ምልክቱ በጣም ከፍ ብሏል። ሰውነቷ ከቆሰለች ጀምሮ ተቆጥቶ እየተዋጋ ነው፤ ቁስሉን መዝጋት ግን አቅቶታል። ለመሆኑ የሚሻላት ጊዜ አለ?»

እኔ ምን አስቸኮለኝ! «አለ እንጂ ዶክተር! ጾም ሲገባ ይሻላታል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሚስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት ነበር መሰለኝ።

ሐኪሟ ፊቷን ወደ ልጄ አዞረች። «በጾም ምን ትበያለሽ?»

«ሽሮ። ምስር። ክክ። እማዬ ደግማ ታወጣልኛለች።»

«ጎበዝ። ጾም ሳይሆንስ?»

«መረቅ።»

«ከሥጋው ጋር?»

«አይ፣ ሥጋው ሱቅ ይሄዳል» አለች ልጄ።

ቅሬታ የለባት፣ ምን የለባት። አባዬ ሥራ ይሄዳል እንደሚባለው ነው ያለችው። ሐኪሟ አልገባትም፤ «የምን ሱቅ?» አለች።

«አባዬ ሱቅ። ከሰዎቹ ጋር ይበሉታል። ጋሼም ይበላሉ» ብላ ልጄ በጣቷ ጋሼን አሳየቻት። እንግዳ እንደምታስተዋውቅ ፈገግ ብላ ነበር። ጋሼ ጫማዋን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመዋል።

እግዚኦ! እኔ በሕይወቴ ተዋርጃለሁ፤ ነጋዴ ነኝ፣ በአደባባይ ተሰድቤ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ሀፍረት ግን አላውቅም። ሐኪሟን ማየት ተሳነኝ፤ ሚስቴን ማየት ተሳነኝ፤ የልጄን ያበጠ እግር ማየት ደግሞ ከሁሉም ከበደኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«አባቷ፣ እርስዎን ልወቅስ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ሰውነት ሲቆጣ የሚዋጋውም፣ ቁስሉን የሚዘጋውም ፕሮቲን እየተጠቀመ ነው። ልጅ ደግሞ ለማደጊያዋም ትፈልገዋለች። ከምግቧ በቂ ካላገኘች ሰውነቷ ከራሷ ጡንቻ ይወስዳል። ያኔ ቁጣውም ቶሎ አይበርድ፣ ቁስሉም አይዘጋ። መረቅ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አብዛኛው ሥጋው ላይ ነው የሚቀረው። በጾም የተሻላት እንደናንተው ሽሮና ምስር ጠግባ ስለበላች ይመስለኛል።» ከዚያ መርፌና ክኒን ጻፈች። «ምግብ ብቻውን ያድናታል አላልኩም፤ መድኃኒቱ የግድ ነው። ግን ሰውነቷ የሚጠገንበት ነገር ይፈልጋል። የግድ ሥጋ ይሁን አልልም፤ እንቁላልም ይሁን፣ ወተትም ይሁን፣ ባቄላም ይሁን። ብቻ በየቀኑ ታግኝ።»

ገለባ ብዬ ለባልንጀሮቼ የማድለው ነገር ፍሬው ነበር ማለት ነው። በረከቱንስ በረከት ነው፤ አልክድም። ግን በሽሮው በኩል እንደመጣ አላየሁትም፤ ሽሮውን ስንቀው ኖሬ እንዴት ላየው እችላለሁ? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል ስንት ጊዜ ስቄ ሌላ ሰው ላይ ተርቼበታለሁ። በእኔ ላይ እንደተተረተ አላውቅም ነበር።

መኪናው ውስጥ ጋሼ ቁልፉን ይዘው ሳያስነሱ ትንሽ ቆዩ። እናትና ልጅ ከኋላ ናቸው፤ እኔ ከጎናቸው።

«ለካ የልጅ ጉሮሮ ነው ስንበላ የከረምነው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያውቁ ነበር?»

«እኔ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። አንተስ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን አዙረው መኪናውን አስነሱ።

ማታ ሚስቴን «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይሄን ለመጠየቅ ምን ዓይነት ፊት እንዳለኝ አላውቅም። የልጄን ፋሻ እያጠበች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ሁለት ቁራጭ አስቀርቼ ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ።

በነጋታው ማክሰኞ ነበር። ሽሮ ስሪልኝ አልኳትና ምሳ ዕቃውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። አዋቂ ሰው፣ ባለትዳር፣ የልጅ አባት፣ ሽሮ ይዤ እንደዚያ ስፈራ ብታዩኝ! ክዳኑን ከፈትኩ። መጋረጃ ሻጩ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ሰውዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» አለ። ደግሞስ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ረቡዕም ቢሆን ሰበብ አይሆንም። ሳቁ ፈነዳ። መብቱ ነው፤ እንደውም ከነወለዱ ነው የመለሰልኝ።

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ልጄ ታማብኝ ነው፣ ከአፏ ነጥቄ ለእናንተ ሳመጣ ከርሜ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሪህ ነው አሉኝ፤ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አልኩ።

ሳቁ ባንድ ጊዜ ጠፋ። «ውይ! እግዚአብሔር ይማርህ!» አሉኝ። ሽሮዬን አክብረው ወደ መሀል አደረጉት። መጋረጃ ሻጩ በቀልዱ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ እኔን ይቅርታ! አንዱ ለሪህ የሚጠጣ ቅጠል አውቃለሁ፣ ነገ አመጣልሃለሁ አለኝ። ጋሼ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ ከሽሮው ጎረሱ። አላጋለጡኝም። ቢያጋልጡኝ ኖሮ ቢያንስ አንዴ ይገላግሉኝ ነበር። አሁንም ያ ትሪ ላይ በሽተኛው እኔ ነኝ፤ ቅጠሉንም ቀቅዬ እጠጣለሁ፤ በጣም ይመራል።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ልጄ መርፌዋን ጨርሳለች፤ ቁስሉ ገና ቢሆንም መግሉ ቆሟል፣ እያነከሰችም ቢሆን ትራመዳለች። ሚስቴ ጥብስ ሠራች፣ እንቁላልም ቀቀለች። ለልጄ ከትሪው ለይታ ለብቻዋ በሳህን አወጣችላትና ፊቷ አስቀመጠችው። ልጄ ሳህኑን አየች። ከዚያ ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ምሳ ዕቃውን በዓይኗ ፈለገች።

«ለሱቅ የሚሄደው የቱ ነው?» አለች።

«የለም። ሁሉም ያንቺ ነው» አልኳት።

«ነገስ?»

«ነገም ያንቺ ነው።»

መልሴን ሰምታ ወደ እናቷ ዞረች። ሐሰተኛ ይሆን ብዬ የተጠራጠርኩት ብር ሲገጥመኝ እኔም ለጎረቤቴ እንደዚያ ነው የማሳየው። እናቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት። ልጄ ያኔ ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳበችው፤ በግራ ክንዷ ዙሪያውን ከለለችውና አጎንብሳ በጥድፊያ መብላት ጀመረች። አላኘከችም ማለት ይቻላል።

«ቀስ በይ የኔ እናት፣ ማንም አይወስድብሽም» አልኳት።

አፏ እንደሞላ ቀና ብላ አየችኝ፤ ክንዷን ግን አላነሳችም። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። እናቷ ከኋላዋ ምድጃው ጋ ናት። ክንዷ የተዘረጋው በእኔ በኩል ነበር።